የዚፑ ዘፈን

መስከረም 18

ይድረስ ለአያቴ እህት የልጅ ልጅ፣ ለልብስ ሰፊው ጋሼ፤

ከሁሉ በፊት ምርቃቴ ይቅደም፤ እጅህ አይዛል፣ መቀስህ አይደንዝዝ፣ ደጅህ ደንበኛ አይጣ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይኸው ሰላምታው አለቀ፤ አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ፣ ከደስታዬ ብዛት እስክሪብቶው ራሱ እየቀደመኝ ነው።

ጋሼ፣ አገኘኋቸው! ዘፈኖቻችንን አገኘኋቸው! የማስታምማቸው አሮጊት፣ እማማ እላቸዋለሁ፣ ወጥ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠገበች ሬዲዮ አለቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሽንኩርት ስከትፍ ትሠራለች ብዬ አላሰብኩም። ማክሰኞ ዕለት ስወለውላት እጄ ማዞሪያዋን ነካው፣ ጮኸች! ከጠዋት እስከ ማታ የድሮ ለስላሳ ሮክ ብቻ የሚያሰማ ጣቢያ። የእማማን ልጅ ምን ማለት ነው ብላት፣ ሮክ ማለት ድንጋይ ነው አለችኝ። ለስላሳ ድንጋይ እንዴት ያለ ነው ብዬ ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ውኃ አሽቶ አሽቶ ያለሰለሰው ድንጋይ ይሆናላ።

እኛ ስማቸውን መቼ አውቀን! ቋንቋው አልገባን፣ ዘፋኙን አላየን። ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማን ዕለት የስፌት መኪናው ላይ በነበረው ሥራ እንሰይመው አልነበር? የኮሌታው ዘፈን፣ የሱሪው እግር፣ የአዝራሩ ዘፈን። እዚህ ጋዜጠኛው የእያንዳንዱን እውነተኛ ስም ይናገራል፤ እኔ ግን በአንዱ ጆሮዬ አስገብቼ በሌላው አስወጣዋለሁ። ለኔ ኮሌታው ኮሌታው ነው።

በሦስተኛው ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የዚፑ ዘፈን! ያ ፒያኖው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያለ የሚጀምረው፣ ከዚያ ሰውዬው ተዘግቶበት ደጅ እንደቀረ ሰው የሚለማመጠው። ድስቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያቺን ሙሽራ ታስታውሳታለህ አይደል? የሚወስዳት መኪና ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እሷ ሱቃችን መሃል ቆማለች፣ ዚፑ ወገቧ ላይ ጨርቅ ነክሶ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ ብሏል። እናቷ “ልጄን ከዚህ ጨርቅ አውጡልኝ!” እያሉ ይጮኻሉ። አንተ እንዴት ባለ ዘዴ ገላገልካት! እኔማ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ የተከመረ ጨርቅ ውስጥ ተደብቄ ነበር።

የኔ ኑሮ ደህና ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ነን። እማማ መርሳት ስላለባቸው ከወጡ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ልጃቸው ጠዋት ወደ ባንክ ሥራዋ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍብናለች፣ ሁለታችንንም እንደ ወርቅ! ፓስፖርቴንም እማማ እንዳይደብቁት ብላ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣልኛለች። አሳቢ ናት። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ሰኔ ላይ እዚያ ነኝ። በርጩማዬ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ!

የማታርፈው ሬዲዮህ


ጥቅምት 27

ለእህቴ ለሬዲዮ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጉልበትሽ ይጽና። ደብዳቤሽ በሃያ ቀን ደረሰ፤ አንብቤ ለመጨረስ ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ። ርዝመቱ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ቴፑም ደህና ነው። ዘፈኖቻችንን የቀዳንበት ካሴት አንዳንዴ ይጠመጠማል፣ በእስክሪብቶ እመልሰዋለሁ። ከተቻለሽ ቀዳዳው ሰፋ ያለ የእጅ መርፌ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ቀዳዳው ጠቧል።

ሙሽራዋን ያወጣኋት እኔ አይደለሁም። ይሁን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚያ ቤት የምትወጪው በሳምንት ስንት ቀን ነው?

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ለጋሼ፣ ለባለ ወርቅ እጁ፤

ጤናህን እንደ አዲስ ጨርቅ ያድርገው፣ ሳይጨማደድ። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፣ አለሁ።

መርፌው ይኸው፣ ሦስት ፓኮ። ሰፊ ቀዳዳ መፈለግህ ወፍራም ክር፣ ወፍራም ጨርቅ ቢመጣ አይደል? ካፖርት ጀመርክ ማለት ነው! እኔ ከሄድኩ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሊደራ! አንደኛዬን ምቀኛ አደረግከኝ። እኔ ራሴ ወርጄ መግዛት ስላልተመቸኝ የእማማ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ገዝታልኝ መጣች።

ይልቅ ትናንት ማን መጣ መሰለህ? የአዝራሩ ዘፈን! ያ ጊታሩ ብቻውን የሚጀምረው። ወይ ያ የጭነት መኪና ሹፌር! በየሳምንቱ አንድ አዝራር የተበጠሰ ሸሚዝ ይዞ ይመጣ የነበረው። አዝራሩን ራሱ ይበጥሰው እንደነበር መቼ ጠፍቶን! ሸሚዝ ሰባት አዝራር አለው፤ ሰባት ሳምንት መጣ። በሰባተኛው አንተ ከመኪናው ቀና ሳትል “ወንድሜ፣ ሸሚዙ አለቀ። እንግዲህ ወይ ተናገር ወይ ሸሚዝ ቀይር” አልከው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያስ? ከዚያማ በስምንተኛው ሳምንት ሸሚዝ ቀይሮ መጣ! ይኸው ባል ሳላገባ አዝራር ስተክል ቀረሁ። ዘፈኑን እየሰማሁ ብቻዬን ስስቅ እማማም አብረውኝ ሳቁ፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም።

ደግሞ ልንገርህ፤ እማማ የኔን ስም አያውቁም፣ ልጃቸውንም አንዳንድ ቀን “አንቺ የማን ነሽ?” ይሏታል፤ የዚፑን ዘፈን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንጎራጉራሉ። አሁን ሲመጣ አብረን ነው የምንዘፍነው። በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ባይመጣም እኛ እናመጣዋለን።

ብቻ አንድ ነገር ገርሞኛል። እዚህ ዘፈኑ ብቻውን ነው። እኛ ቴፑን ሬዲዮው ፊት ደቅነን፣ ቀይዋን መጫኛ ተጭነን ስንቀዳ፣ የስፌት መኪናው ድምፅም፣ የመቀሱም፣ የኔም ወሬ አብሮ ይገባ ነበር። አንተ “ዝም በይ፣ ዘፈኑን አበላሸሽው!” ትላለህ፣ ያም ይቀዳል። እዚህ ሲሰማ ጠርቷል፤ ግን ራቁቱን ነው፣ አሳዘነኝ።

ሬዲዮህ


ጥር 9

ለሬዲዮ፤

ዓመቱ የእረፍት ያድርግልሽ። መርፌው ደረሰ፤ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ የሚቻል ከሆነ መኪናው አንገት ላይ የሚታሰር መብራት፣ ነጭ ብርሃን ያለው፣ ብርቱ የሆነ።

ሱፍ ትቻለሁ። መጋረጃና የሱሪ እግር ነው የምሠራው። መጋረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ እጅ ያውቀዋል።

የጠየቅኩሽን አልመለስሽም። ሁለት ደብዳቤ ጻፍሽ፣ በሁለቱም የዚፑን ዘፈን ጻፍሽልኝ። ካሴቱ ላይ ሃያ ሁለት ዘፈን አለ።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ለጋሼ፣ ለነገር መርማሪው፤

ብርሃን በቤትህ አይጥፋ! እንዲህ ብዬ የመረቅኩህ መብራቱን አብሬ ስለምልክ ነው፣ ምርቃትና ዕቃ በአንድ ፖስታ። መጋረጃ መያዝህን ወደድኩት፤ ሆቴል ነው አይደል ያዘዘህ? ሆቴል ካልሆነ ይህን ሁሉ መጋረጃ ማን ይሰቅላል!

እሺ፣ እንካ መልስህን። አልወጣም። እንዲህ ስጽፈው ግን የሌላ ሰው ነገር መሰለኝ። መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ከእማማ ልጅ ጋር ቆሻሻ ለመጣል እወርድ ነበር፤ አንድ ቀን እማማ እኛ ሳንኖር ምድጃ ለኩሰው አስደነገጡን፣ ያም ቀረ። በረንዳ አለ እኮ! ባለፈው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ላይ መስኮት የሚወለውል ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ወርዶ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁ። የዚህ ዓመት እንግዳዬ እሱ ነው። እኔ ተቆልፌ እሱ ተንጠልጥሎ፣ ማን ለማን ይዘን!

ሌላ ወሬ። ትናንት ማታ ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

“አንድ ዓመት ብትጨምሪልኝስ?” አለችኝ። “እማማ ካንቺ በቀር ማንንም አይቀበሉም። ደግሞ ደስተኛ ነሽ አይደል? ከሊፍቱ ሳልወጣ ስትዘፍኚ እኮ እሰማሻለሁ።”

ምን እላታለሁ? ሳቅሁ። ነገር ሲጠፋኝ እንደምስቅ ታውቃለህ። ሳቄን እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ አቅፋኝ ተነሳች። እንግዲህ የዘንድሮው ሰኔ የከርሞ ሰኔ ሆነ ማለት ነው። ዓመት ምን አላት፣ ዓይን ሲጨፈን አይደለች! በርጩማዬን አቧራ አራግፍላት።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ምን እየዘፈነ እንደነበር አልነግርህም፣ ትቆጥርብኛለህ።

ሬዲዮህ


ሚያዝያ 2

ለጋሼ፤

ሁለት ወር ሞላ። ሰላም ነህ? መብራቱ ተሰብሮ ደርሶ ነው? ወይስ አኩርፈህ ነው? ከሆነ ፖስታ ውስጥ ኩርፊያህን ክተትና ላክልኝ፣ ባዶ ከሚሆን። የዝምታህ ፍቺ ጠፋብኝ።

ቁልፉ ጠዋት ሁለቴ ይዞራል፣ ማታ ሁለቴ ይዞራል። በመሃሉ ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ የፖስተኛውን እርምጃ ልለይ ስሞክር ራሴን አገኘሁት። ፖስታ ደግሞ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ አይወጣም፣ ታች ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀረው። አውቃለሁ እኮ። ጆሮ ግን አይሰማም።

አንድ መስመር በቂዬ ነው።

እህትህ


ሚያዝያ 25

ለሬዲዮ፤

መልካም ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጽሕፈቱ ያልታወቀሽ እኔ ከሱቁ አጠገብ ያለሁት ባለ ፋርማሲዋ ስለሆንኩ ነው። ጋሽ ሰፊው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሐኪም ማዘዣ ሳነብ ስለምውል የኔም እጅ ጽሕፈት እንደ ሐኪሞቹ ሆኗል፣ ይቅርታ። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ነው፤ አንድም አልጨመርኩም።

ሬዲዮ፣ ዓይኔ ነው። የዓይን ግፊት ይሉታል። ዳር ዳሩ ቀድሞ ሄደ፤ አሁን መሃሉም እየሄደ ነው። መርፌውን የለመንኩሽ ክር ማሳለፍ አቅቶኝ ነበር። መብራቱንም ለዚሁ። መጋረጃ የያዝኩት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው፤ ሆቴል የለም። አሁን መጋረጃም የለም። አንቺ ስለ በሩ እየሳቅሽ ጻፍሽልኝ፣ እኔ ስለ መርፌው ዋሸሁሽ። ከአንድ ጣቃ የተቀደድን ጨርቅ ነን።

ይህን የነገርኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ዓይን የሌለው ሰው ጆሮው ሥራ አይፈታም። ቀኑን ሙሉ ካሴታችንን እሰማለሁ። ዘፈኖቹን አይደለም የምሰማው፤ ከላያቸው ያለውን ወሬ ነው። የዚፑን ስሰማው ግን ተነስቼ ቆምኩ። ያን ቀን ቀይዋ መጫኛ እንደተጫነች ነበር፣ ሁሉም ገብቷል። ባለ ፋርማሲዋን አምጥቼ አሰማኋት፤ እየሰማች ትጽፍልሽ።

(እኔ ነኝ፣ ባለ ፋርማሲዋ። ቴፑ ላይ ያለው ይህ ነው። ፒያኖ። ጡሩምባ። የሴት ልቅሶ። ጋሽ ሰፊው፦ “ትንሽ ሳብ እናድርገው፣ ይመጣል።” ከዚያ የአንቺ ድምፅ፣ በጣም ቅርብ፦ “ተው ጋሼ! የተነከሰ ዚፕ በጉልበት አይከፈትም፣ ይባስ ይነክሳል። ስፌቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልተርትረው። እሜቴ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ አሁን ትወጫለሽ።” መቀስ። ጨርቅ ሲተረተር። ሁሉም ሲስቁ። ዘፈኑ ያልቃል።)

ሰማሽ? ጨርቅ ውስጥ ተደብቄ ነበር ያልሽው ውሸት ነው። እኔ ነበርኩ እንዴት እንደማወጣት የጠፋኝ። ከአራቱ ደብዳቤዎችሽ በሦስቱ ይህንኑ ዘፈን ልከሽልኛል፤ የምትልኪው ለራስሽ እንደሆነ ግን አላወቅሽም።

መርፌ አልፈልግም፣ መብራት አልፈልግም። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 27

ለጋሼ፣ ላንቺም ለባለ ፋርማሲዋ፤

ዓይኑን የወሰደበት እጁን፣ ጆሮውን፣ ዕድሜውን ይተውለት። ካንቺም የመጻፊያ ጉልበት አይጥፋ። ይህን ብቻ በእንባ ጻፍኩት፣ የቀረውን በደረቅ ዓይን።

ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩትና ሬዲዮውን ዘጋሁት። ስፌቱ የት እንዳለ ገባኝ ጋሼ። በሩን ልጅቷ ቆለፈችው፤ እኔ ግን በሳቄ ከላይ እስከ ታች ሰፋሁት። ሁለት ዓመት ተኩል “እንዴት ነሽ?” ባለችኝ ቁጥር አንድ ስፌት ጨመርኩ።

ሦስት ቀን አልዘፈንኩም። ዝም አይነቅዝም ሲሉ እስቅ ነበር፤ ለካ እውነት ኖሯል። በሦስተኛው ማታ ልጅቷ ገብታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

“አመመሽ እንዴ?”

“ደህና ነኝ።”

“ታዲያ ቤቱ ምን ሆኖ ነው ጭር ያለው?”

“ልሄድ ነው። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ሰኔ ላይ እሄዳለሁ። ፓስፖርቴን አምጪልኝ።”

“እሺ ብለሽኝ አልነበር?”

“ሳቅሁ እንጂ እሺ አላልኩም።”

“ግን እኮ ሁልጊዜ ትዘፍኚ ነበር!”

“የምዘፍነው በሩ ስለተቆለፈ ነው” አልኳት።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ከነቦርሳዋ። “እኔስ ማን አለኝ?” አለች። አላዘንኩላትም አልልህም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጇን ያዝኩ፤ ብቻ አልሳቅሁም። ካንተ ሱቅ የተማርኩት ይህን ነው፤ መተርተር የጀመረ ሰው መሃል ላይ አይተውም።

በማግስቱ ፓስፖርቱን “ረሳሁት” አለች። በማግስቱም። አምስት ቀን ረሳች። በስድስተኛው ጠዋት እማማን ካፖርት አልብሼ፣ ጫማ አድርጌላቸው፣ እኔም ለብሼ በሩ ሥር ጠበቅኳት።

“ወዴት ነው?”

“ካንቺ ጋር። የምትረሺውን የምናስታውስሽ እኛ ነን።”

ሰዓቷን አየችና በሩን ከፈተች። ሦስታችንም በሊፍቱ ወረድን። ጋሼ፣ መንገዱን ብታየው! ተራ አስፋልት እኮ ነው፣ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ የለበት፣ ወፍ የለበት፤ እኔ ግን መሄድ እንደጀመረ ሕፃን እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ። እማማ ክንዴን ይዘው እያንዳንዱን ሱቅ “ይኼ አዲስ ነው” ይላሉ።

ባንኩ ውስጥ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አንድ ክራባት ያሰሩ ሰውዬ፣ አለቃ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ መጥተው “ምን እንርዳችሁ?” አሉን።

“መሳቢያ ልናስከፍት ነው” አልኳቸው።

እማማ ደግሞ ይህን ጊዜ የዚፑን ዘፈን ጀመሩ፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ! ተራ የሚጠብቀው ሰው በሙሉ ዞረ። ልጅቷ ከመስኮቱ ኋላ ፊቷ እንደ ብራና ሆነ፤ መሳቢያውን ከፈተች፣ ፓስፖርቴን ይዛ መጣች፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። “ቤት ልሰጥሽ ነበር እኮ” አለች። “አውቃለሁ” አልኳት። እውነት እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

እሷ የአንድ ወር የፈቃድ ቅጽ ሞልታለች፤ ቀን ላይ ከእናቷ ጋር የምትሆን ሴትም እየፈለገች ነው፣ ቁልፍ በእጇ የምትይዝ። “ቁልፍ በእጇ የምትይዝ” የሚለውን እኔ ነኝ ያስጨመርኩት።

ሬዲዮህ


ሰኔ 11

ባለ ፋርማሲዋ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ ቴፑን ግን መጀመሪያ ዝጊው።

ጋሼ፣ ሻንጣዬ ተዘግቷል። እማማ ደጃፉ ላይ ጉንጬን ይዘው “አንቺ የማን ነሽ?” አሉኝ። “የልብስ ሰፊው” አልኳቸው። “እሱን አውቀዋለሁ” አሉ። በሩን ከኋላዬ ልጅቷ ዘጋችው፤ ቁልፉ ዞረ፣ በዚህ ጊዜ ከውስጥ።

ሐሙስ እደርሳለሁ፤ ፖስታ ስለማይቀድመኝ ይህን ደብዳቤ ቀድሞኝ ለሚሳፈር ያገር ሰው በእጅ ሰጠሁት። ሥራ አልችልም ብለህ አታሞኘኝ፤ ያንተ እጅ ጨርቁን ያውቃል፣ የኔ ዓይን ክሩን ያሳልፋል፣ ከሁለታችን አንድ ደህና ሰፊ አይጠፋም። መርፌው ያው ቤት አለ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው።

ይህቺ ደብዳቤ ያጠረችው አሞኝ እንዳይመስልህ። የቀረውን በአፌ ይዤው እየመጣሁ ነው፤ ቀይዋን ተጫንና ጠብቀኝ።